ለሕዝብ ጥቅም የቆሙ የሕግ ምሩቃን ከምን ደረሱ?

ጥቅምት 22 ቀን 2011 ዓ.ም. መዓዛ አሸናፊ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ። ቦታውን የያዙ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ብርቱካን ሚደቅሳ የብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ። ዓመቱ ሳያልቅ ደግሞ ዳንኤል በቀለ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ዋና ኮሚሽነር ተደረጉ። ሦስቱም ሕግ የተማሩት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከመካከላቸው ሁለቱ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ታስረው የተፈቱ ናቸው። አምስት ዓመት ተኩል ገደማ ካለፈ በኋላ፣ በ2016 ማብቂያ ላይ፣ ሦስቱም ከወንበራቸው ተነሥተው ነበር፤ ሁለቱ በገዛ ፈቃዳቸው፣ አንዱ የሥራ ዘመናቸው አብቅቶ።

ይህን መምጣትና መሄድ ብዙ ሰው የተረዳው በግማሽ ነው። ሹመቱ የለውጡ ዘመን ስጦታ ተደርጎ ታየ፣ መሰናበቱም የለውጡ ማክተሚያ ምልክት። ሁለቱም አነጋገሮች እውነት የተቀላቀለባቸው ናቸው፤ ነገር ግን እነዚህ ሰዎች ከዚያ የደረሱት በምን መንገድ እንደሆነና በዚያው መንገድ ከኋላቸው የሚመጣ ሰው መኖር አለመኖሩን አይነግሩም። ለዚያ መልስ ለማግኘት ከሹመቱ ይልቅ ከሹመቱ በፊት የነበሩትን ሃያና ሠላሳ ዓመታት ማየት ያስፈልጋል።

ስያሜውና ሥራው

የሕዝብ ጥቅም ጥብቅና ሲባል ለድሃ በነጻ መቆም ብቻ አይደለም። አንድ ጠበቃ ክፍያ ሳይቀበል የአንዲትን እናት የልጅ ቀለብ ክርክር ቢይዝ ነጻ የሕግ ድጋፍ ሰጠ ይባላል። ያንኑ ክርክር የያዘው ውሳኔው ለሌሎች እናቶችም በር እንዲከፍት አስቦ ከሆነ ግን ሥራው የሕዝብ ጥቅም ጥብቅና ይሆናል። ልዩነቱ ጠበቃው ከደንበኛው ባሻገር በሚያየው ሰው ላይ ነው።

የኢትዮጵያ ሕግ ይህን ሥራ ያውቀዋል። የፌዴራል ጠበቆችን ፈቃድ የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 199/1992፣ ለማኅበረሰቡ ጠቅላላ ጥቅምና መብት ለሚቆሙና ከሚያገለግሏቸው ሰዎች ክፍያ ለማይቀበሉ ባለሙያዎች ልዩ የጥብቅና ፈቃድ የሚሰጥበትን መንገድ አስቀምጦ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው የጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992 ደግሞ እያንዳንዱ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ያለ ክፍያ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ግዴታ ጣለ። ስለዚህ ችግሩ ሕጉ ዝም ማለቱ አይደለም።

ከአንድ መዝገብ ወደ አዋጅ

የዘርፉ ትልቁ ውጤት የተገኘው በሴቶች መብት ላይ ነው፤ እንዴት እንደተገኘም በዝርዝር መታየት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1995 መዓዛ አሸናፊና የሙያ አጋሮቻቸው የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን መሠረቱ። መዓዛ ከዚያ በፊት በከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኝነት ሠርተዋል፤ ሕገ መንግሥቱን ባረቀቀው ኮሚሽንም የሕግ አማካሪ ነበሩ። ማኅበሩ በተመሠረተ በዓመቱ አንድ ከባድ ጉዳይ መጣ። በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፤ ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለች፤ በነፍስ ግድያም ተከሰሰች። ማኅበሩ ጠበቃ አቆመላት፤ ራስን በመከላከል ተብሎም ነጻ ወጣች።

በዚያ ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያድነው ነበር። ስለዚህ የልጅቱ ነጻ መውጣት ለእሷ ሙሉ ድል ቢሆንም ለቀጣይዋ ተጠላፊ ምንም አልለወጠም። ለውጡ የመጣው ማኅበሩ በየዕለቱ የሚቀበላቸውን አቤቱታዎች ሰብስቦ ለሕግ ማሻሻያ ክርክር ማስረጃ ባደረጋቸው ጊዜ ነው። በ1992 የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የሴት ልጅን የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ከፍ አደረገ፤ ባልን የቤተሰብ አስተዳዳሪ የሚያደርገውን የፍትሐ ብሔር ሕጉን ድንጋጌም ሻረ። ከግንቦት 1997 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ደግሞ የጠላፊውን ማምለጫ ዘጋ።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች ተገናኝተዋል፤ ጉዳይ የሚቀበል ቢሮ፣ ጉዳዮችን የሚያነጻጽር ባለሙያ፣ እንዲሁም ሕግ የሚከለስበት ወቅት። አንዱ ቢጎድል ውጤቱ አይገኝም ነበር። የግለሰቦቹ ብርታት የማይካድ ነው፤ ነገር ግን ያለ ቢሮው ብርታታቸው አንድ መዝገብ አሸንፎ በቆመ ነበር።

የቤተሰብ ሕጉ ከተለወጠ በኋላም ክርክሩ አላለቀም። በ1993 በዚያው በአርሲ ዞን አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ተጠልፋ ተደፈረች። የወረዳው ፍርድ ቤት ዋናውን አጥፊ በ10 ዓመት፣ ግብረ አበሮቹን በ8 ዓመት እስራት ቢቀጣም የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሽሮ ለቀቃቸው። በአገር ውስጥ ያለው የይግባኝ መንገድ ሁሉ ተሞክሮ ተዘጋ። ማኅበሩና ኢኳሊቲ ናው የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ጉዳዩን ወደ አፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ወሰዱት፤ ኮሚሽኑም ኢትዮጵያ የልጅቱን መብት አላስጠበቀችም ሲል 150 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ካሳ እንዲከፈላት ወሰነ። ከጠለፋው እስከ ውሳኔው ድረስ ዐሥራ አራት ዓመት ተቆጥሯል። የሕዝብ ጥቅም ጥብቅና የሚጠይቀው ትዕግሥት በዚህ ይለካል፤ መዝገቡን የጀመረ ጀማሪ ባለሙያ ሲቋጭ የመካከለኛ ዕድሜ ሰው ሆኗል።

የመጀመሪያዋ የአርሲ ልጅ ታሪክ ኋላ «ድፍረት» በተባለው ፊልም ቀረበ፤ ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስ የተመልካቾች ሽልማት አገኘ። በአዲስ አበባ ሊመረቅ በነበረበት ምሽት ግን በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ፤ ባለታሪኳ ታሪኬ ያለ ፈቃዴ ተወሰደ የሚል አቤቱታ ነበራት። ይህ ለዘርፉ ቀላል ጉዳይ አይደለም። የጠበቆች ስኬት በሽልማትና በፊልም ሲለካ ደንበኛው ምን ተጠቀመ የሚለው ጥያቄ ወደ ኋላ ይቀራል። ትክክለኛው መለኪያ ግን እሱ ነው።

ማን ይክሰስ?

የሕዝብ ጥቅም ክርክር ገና ከደጃፉ የሚሰናከለው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ከሳሹ በጉዳዩ ምን ጥቅም አለው? የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከሳሽ በክርክሩ የራሱ ጥቅም እንዳለው እንዲያሳይ ይጠይቃል። የተበከለ ወንዝ ግን የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ ጎርፎ የሚያልፈው በሁሉም ደጅ ነው።

ሁለት ክርክሮች የበሩን ስፋትና ጥበት በግልጽ ያሳያሉ። በ1997 የምርጫ ቦርድ የአገር ውስጥ ታዛቢ ድርጅቶችን የመተዳደሪያ ደንባቸው ሲመዘገብ ምርጫ መታዘብን አልጨመረም ብሎ ከለከለ። ኦርጋናይዜሽን ፎር ሶሻል ጀስቲስ ኢን ኢትዮጵያ የተባለ፣ በሕግ ባለሙያ የተመሠረተ ድርጅት ከሌሎች ጋር ሆኖ ክስ አቀረበ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ፈረደለት፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም አጸናው። ችግሩ ውሳኔው የደረሰው ድምፅ ሊሰጥ ቀናት ብቻ ሲቀሩ መሆኑ ነበር፤ አብዛኞቹ ድርጅቶች ታዛቢ ለማሠልጠንና ለማሰማራት ጊዜ አልነበራቸውም። በሕግ አሸንፈው በቀን መቁጠሪያ ተሸነፉ። ከምርጫው በኋላ የድርጅቱ መሥራች ነፃነት ደምሴና በአክሽን ኤይድ ይሠሩ የነበሩት ዳንኤል በቀለ ታሰሩ፤ ከሁለት ዓመት በላይ ታስረው በ2000 ዓ.ም. ተለቀቁ። እኚሁ ዳንኤል በቀለ ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይተው የአገሪቱን ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን የመሩት ናቸው።

ሁለተኛው የአቃቂ ወንዝ ብክለት ጉዳይ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው የግል ጥቅሙን ማሳየት ሳይጠበቅበት አቤቱታ እንዲያቀርብ ፈቅዷል፤ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ካልወሰነም በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። አክሽን ፕሮፌሽናልስ አሶሴሽን ፎር ዘ ፒፕል የተባለው የባለሙያዎች ማኅበር በዚህ በር ገብቶ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ መዝገቡን የዘጋው የተከሰሰው መሥሪያ ቤት ተጠያቂ አይሆንም ብሎ ነው፤ ይግባኙም አልተሳካም። የመክሰስ መብት ቢኖርም ማን ይከሰሳል የሚለው ካልጠራ በሩ ተከፍቶ ግድግዳ ይገጥማል።

ከዚያ ወዲህ ሕጉ ተሻሽሏል። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 በቂ ምክንያት ያለው ሰው የራሱን ብቻ ሳይሆን የሌሎችንም መብት ለማስከበር በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ክስ እንዲያቀርብ መንገድ ሰጥቷል። ሌላው ትልቅ መሣሪያ የሰበር ሰሚ ችሎት ነው። ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ጀምሮ ችሎቱ የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድዳል። በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 ችሎቱ አክስት ባሳደገችው ልጅና ልጁን በሚጠይቀው አባት ጉዳይ የሥር ፍርድ ቤቶችን ውሳኔ ሽሮ የልጁ ጥቅም ይቅደም ሲል ከሕገ መንግሥቱና ከሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን ጠቅሶ ወሰነ። የአንድ ቤተሰብ ክርክር ለአገር ሕግ ሆነ። አንድ ወጣት ጠበቃ በሙያ ዘመኑ ሊመኘው የሚገባው ትልቁ ደረጃ ይህ ነው፤ ከማንኛውም ሹመት ይበልጣል።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ?

የእነዚህን ባለሙያዎች ጉዞ ከማንኛውም ነገር በላይ የወሰነው ገንዘብ ነው። በ2001 የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621፣ በሰብዓዊ መብት፣ በፆታ እኩልነትና በፍትሕ ላይ የሚሠሩ ድርጅቶች ከውጭ የሚያገኙት ገቢ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ገደበ። የአዋጁ ደጋፊዎች የአገር ፖለቲካ በባዕድ ገንዘብ መመራት የለበትም የሚል ክርክር ነበራቸው፤ በራሱ ከንቱ ክርክር አይደለም። ነገር ግን ዘጠኝ አሥረኛውን የሚሸፍን የአገር ውስጥ ምንጭ ሳይኖር ገደቡን መጣል ድርጅቶቹን ከመዝጋት ብዙ አይለይም ነበር። የሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤ የባንክ ሒሳብ ታገደ። ማኅበሩ አብዛኛውን ሠራተኛ አሰናበተ፤ የነጻ ድጋፉም እጅግ ጠበበ። ጉባኤው በፍርድ ቤት ቢከራከርም በ2005 የሰበር ሰሚ ችሎቱ እገዳውን አጸና።

ጉዳቱ ከተዘጉት ቢሮዎች ያለፈ ነበር። ለዐሥር ዓመት ያህል ከሕግ ትምህርት ቤት የወጣ ወጣት በሕዝብ ጥቅም ጥብቅና ሥራ የሚጀምርበት ቦታ አጣ ማለት ነው። ሌሎች ደግሞ የጎን መንገድ ፈለጉ። የትነበርሽ ንጉሤ በልጅነታቸው ዓይናቸውን ያጡ፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ የተመረቁ ባለሙያ ናቸው፤ የኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችና ልማት ማዕከልን ከመሠረቱት አንዷ ሆነው ለአካል ጉዳተኞች መብት ሲታገሉ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ2017 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ከተቀበሉት መካከል ሆኑ። በችሎት ሳይሆን በተቋም፣ በሥልጠናና በምክር የተገኘ ውጤት ነው፤ የዚያ ዘመን ምሩቃን የሠሩት ሥራ በአብዛኛው ይህን መልክ ነበረው።

አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የ10 በመቶውን ገደብ አነሣ። አሮጌዎቹ ማኅበራት አንሰራሩ፤ አዳዲሶችም ተመሠረቱ። ይሁንና በኅዳር 2017 ለሰብዓዊ መብት የቆመ የጠበቆች ድርጅትን ጨምሮ በርካታ ድርጅቶች ታገዱ፤ እገዳው ቆይቶ ቢነሣም መልእክቱ ለሁሉም ደርሷል። በዚያው ዓመት አጋማሽ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ማቆሙ ደግሞ ሌላውን ጫፍ አሳየ፤ ገደቡ ቢነሣም ገንዘቡ ራሱ በሌላ አገር ውሳኔ በአንድ ሌሊት ሊደርቅ ይችላል።

ወንበር ላይ መቀመጥ

ከማኅበር ወደ መንግሥት ተቋም የተደረገው ሽግግር ትርፍም ኪሳራም ነበረው። በትርፉ በኩል ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽኑ በጦርነት ወቅት ያወጣቸው ሪፖርቶች ቀድሞ ባልነበረ ድፍረት ተነበቡ፤ ፍርድ ቤቶቹ አዲስ አዋጅና አዲስ አሠራር አገኙ፤ የሰኔ 2013ቱን ምርጫ የመራው ቦርድ ከቀድሞው የተሻለ ተዓማኒነት ነበረው። ብርቱካን ሚደቅሳ በዳኝነት ዘመናቸው የቀድሞውን የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃን በዋስ እንዲለቀቁ ቢያዙም ሰውየው ወዲያው በፖሊስ ተመልሰው ተያዙ። ትእዛዝ መስጠትና ትእዛዝ ማስፈጸም የተለያዩ መሆናቸውን ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። በምርጫ ቦርድ ወንበር ላይም የገጠማቸው ይኸው ነበር፤ ተቋሙ ራሱን የቻለ ቢሆንም ዙሪያው ያለው ፀጥታና ፖለቲካ የሱ አልነበረም።

ኪሳራው ብዙም አልተነገረለትም። ሰው ጥቂት በሆነበት ዘርፍ ሦስት አንጋፎች ወደ መንግሥት ሲገቡ ከውጭ የሚጠይቃቸው፣ የሚያግዛቸውና የሚተካቸው ሰው ሳሳ። ዳኛ በራሱ ክስ አይከፍትም፤ አቤቱታ ይጠብቃል። አቤቱታውን የሚያዘጋጅ ጠበቃ ካልበዛ መልካም ዳኛም ባዶ እጁን ይቀመጣል።

የመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት

የነገሩ ሁሉ ቋጠሮ እዚህ ጋ ነው። የሕግ ፋኩልቲው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1956 ሲከፈት አገሪቱ የነበራት የሕግ ትምህርት ቤት አንድ ብቻ ነበር፤ ዛሬ በየክልሉ አለ። ብዙዎቹ የሕግ ክሊኒክ አላቸው፤ ተማሪዎች በመምህር እየተመሩ በፍርድ ቤት ግቢና በማረሚያ ቤት ነጻ ድጋፍ ይሰጣሉ። ከክሊኒኩ ጠረጴዛ ፊት ለፊት የምትቀመጠው ሴት ብዙ ጊዜ የምትጠይቀው የልጅ ቀለብ ነው። የልጁን የልደት ማስረጃ፣ የአባትየውን የደመወዝ ማስረጃ ያለበትን መሥሪያ ቤት፣ ሦስት ጊዜ የተለወጠ አድራሻውን ተማሪው ጠይቆ ይጽፋል፤ የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማትችል ከሆነ በድህነት ለመክሰስ የምታመለክትበትን ያዘጋጃል፤ ለቀጠሮ ቀን ምን ይዛ እንደምትቀርብ ያስረዳታል። ክሊኒኩ ባይኖር ይህን አቤቱታ ከፍርድ ቤት በር ላይ ካለ ራፖር ጸሐፊ ገዝታ፣ ለችሎቱ ብቻዋን ትቀርብ ነበር።

ተማሪው ይህን እየሠራ ይመረቃል፤ ከዚያ መንገዱ ይቋረጣል። በ1992ቱ አዋጅ መሠረት የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ጥብቅና ፈቃድ የሕግ ዲግሪ ላለው ሰው ሁለት ዓመት፣ የሁሉም የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ፈቃድ ደግሞ አምስት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቅ ነበር። ልምዱን ለማግኘት ምሩቁ ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግ ወይም የባንክ ነገረ ፈጅ ይሆናል። ፈቃዱን ባገኘ ጊዜ ቤተሰብ አለው፣ የቤት ኪራይ አለው፤ ነጻ ድጋፍ የሚሰጥ ድርጅት ደግሞ የፕሮጀክት በጀቱ ባለቀ ቁጥር ሠራተኛ ይቀንሳል። የመንግሥት ተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤትም ከሚችለው በላይ መዝገብ ተሸክሞ የሚሠራ ነው። ክሊኒክ ላይ የታየው ፍላጎት የሚጠፋው በስንፍና ሳይሆን የሚያርፍበት መደብ በማጣት ነው።

ወደፊት የሚታየው

ከሚታዩት መንገዶች አንዱ ዘርፉ እንደ እስካሁኑ በውጭ ገንዘብና በጥቂት ስመ ጥር ሰዎች ላይ ቆሞ መቀጠሉ ነው። ይህ የሚሆነው ምንም ካልተደረገ ነው፤ በገንዘቡ መድረቅና በእገዳው ተደጋጋሚነት ስንመዝነው እየጠበበ የሚሄድ መንገድ ነው። ሁለተኛው መንግሥት ራሱ የሕግ ድጋፍን በበጀት ደግፎ ሰፊ አገልግሎት ማቋቋሙ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ፍትሕ ሊጓደል በሚችልበት ጊዜ ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ እንዲያገኝ ያዛልና መሠረቱ አለ። ለቀለብና ለመሬት ክርክር ይጠቅማል፤ መንግሥትን ለመክሰስ ግን የመንግሥት ደመወዝተኛ አይበቃም።

ሦስተኛውና የተሻለው ተስፋ የሚመጣው ከሙያው ውስጥ ነው። አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች በድርጅት ተደራጅተው እንዲሠሩ ፈቀደ፤ የፌዴራል ጠበቆች ማኅበርንም በሕግ አቋቋመ። ብቻውን የሚሠራ ጠበቃ የ50 ሰዓቱን ግዴታ ሲወጣ ከገቢው ይቀንሳል፤ ዐሥር ጠበቆች ያሉት ድርጅት ግን አንድ ወጣት ምሩቅ ቀጥሮ ግዴታቸውን በአንድነት ሊያደራጅ ይችላል። ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ሺህ ጠበቆች ግዴታቸውን ቢወጡ 50 ሺህ ሰዓት ይሆናል፤ አንድ የቀለብ መዝገብ ዐሥር ሰዓት ይወስዳል ብንል አምስት ሺህ ቤተሰብ ጠበቃ አገኘ ማለት ነው። ለዚህ የውጭ ዕርዳታም አዲስ አዋጅም አያስፈልግም።

የሚያስፈልገው መቁጠር ነው። የፌዴራል ጠበቆች ማኅበር አባላቱ በዓመት ስንት ሰዓት በነጻ እንዳገለገሉ፣ ስንት መዝገብ እንደያዙና ስንት ወጣት ምሩቅ በዚህ ሥራ እንዳሠማሩ በየዓመቱ በይፋ ያሳውቅ። ግዴታው በደንብ ላይ ከተጻፈ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሆኖታል።